መደቧ ጽዳት ነው

ጭብጨባ ያስጠላኛል። ሰርግ ላይ፣ ስብሰባ ላይ፣ የልጆች ልደት ላይ ሳይቀር ሰው ማጨብጨብ ሲጀምር ተነስቼ እወጣለሁ። ዘመዶቼ ኩራት ይመስላቸዋል። «እሷ እንግዲህ ስታዲየም ሙሉ ሲጨበጨብላት የኖረች ናት፣ የእኛ ጭብጨባ ምኗ ነው» ይላሉ። ስታዲየም ሙሉ ሰው አጨብጭቦልኝ አያውቅም። የተጨበጨበልኝ ቂርቆስ ውስጥ፣ አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ጓሮ፣ የተሰነጣጠቀ የሲሚንቶ ሜዳ ላይ ነው። ያጨበጨቡልኝም በምሳ ሰዓት በየመስኮቱ ብቅ የሚሉ የቢሮ ሠራተኞች ናቸው። በኋላ የእነዚያኑ ሰዎች ሽንት ቤት አጥቤያለሁ። ስለዚያ ብቻ ቢሆን ግን ብዕር አላነሳም ነበር፤ በዚህ ዓለም ያልተዋረደ ማን አለ? የምጽፈው እኔ ራሴ በሦስት ቃል መንገዷን ስለዘጋሁባት ልጅ ነው።

ያደግኩት ካዛንቺስ፣ የቀበሌ ቤት ውስጥ ነው። በራችን ዝቅ ያለ ስለነበር አሥራ አራት ዓመት ሳይሞላኝ ጎንበስ ብዬ መግባት ጀመርኩ። ጎረቤት ሁሉ ቁመቴን እንደ መሰላል ይጠቀምበት ነበር። አምፖል የሚቀየር፣ ጣሪያ ላይ የወጣ ኳስ፣ ቁም ሳጥን ላይ የተረሳ ሻንጣ ካለ የምጠራው እኔ ነኝ። «እስቲ ቀውላላዋን ጥሯት» ይላሉ። እናቴ ይህን ስትሰማ ትቆጣለች። እሷ ካዛንቺስ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ አልጋ አንጣፊ ነበረች። አልጋ አንጣፊ ይባል እንጂ ወለሉንም መጸዳጃ ቤቱንም የምታጸዳው እሷው ናት። ማታ ስትመለስ እጇ በረኪና ይሸታል፤ የጣቶቿ ጫፍ ተላልጦ ክር እንኳ በመርፌ ማስገባት ያቅታታል። «አንቺ መወልወያ ስትይዢ ከማይ ዓይኔ ይጥፋ» ትለኝ ነበር። ስትቆጣም ይህንኑ ትላለች፣ ስትመርቀኝም ይህንኑ ትላለች።

ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመት እንዳለፈ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ውጤት ሳይመጣልኝ ቀርቶ ቤት ቁጭ ባልኩበት ጊዜ፣ አንድ አሠልጣኝ ቤታችን ድረስ መጣ። ትምህርት ቤት ስጫወት አይቶኛል። አጭር፣ ቱታው ጉልበቱ ላይ የሳሳ፣ ድሮ ራሱ የተጫወተ ሰው ነው። የአንድ መሥሪያ ቤት የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን ያሠለጥናል። «ኳስ እኔ አስተምራታለሁ፣ ቁመት ግን ማንም አያስተምርም» አላት እናቴን። «ቋሚ ሠራተኛ ሆና ትቀጠራለች፣ ኳሷንም ትጫወታለች።» ቋሚ የምትለዋ ቃል እናቴን አሸነፈቻት።

በሳምንቱ አስተዳደር ቢሮ ሄጄ የቅጥር ደብዳቤዬን ተቀበልኩ። ሰማያዊ ማኅተም አለው። «የሥራ መደቡ መጠሪያ» ከሚለው ፊት ለፊት «የጽዳት ሠራተኛ» ተብሎ ተጽፏል። ጸሐፊዋ የተሳሳተች መስሎኝ ሮጬ ሄጄ ለአሠልጣኙ አሳየሁት። ሳቀብኝ።

«እሱ ለወረቀት ነው» አለኝ። «መሥሪያ ቤት ውስጥ ተጫዋች የሚባል መደብ የለም። መደብ ካልተያዘልሽ ደግሞ ልትቀጠሪ አትችይም። ሁሉም እንዲህ ነው፣ አታስቢ።»

እውነትም ሁሉም እንዲህ ነበር። በቁመት እኔን የምትበልጠኝ ልጅ መደቧ አትክልተኛ ነው። ኳስ አቀባያችን ተላላኪ ናት። ሁለት ጥበቃዎች ነበሩን፤ አንዷ ድመት ትፈራለች። ቀስ በቀስ በስም መጠራራቱን ትተን በመደብ መጠራራት ጀመርን። ጨዋታ መሀል «ተላላኪ፣ ላኪልኝ እንጂ!» ስንል እኛም እንስቃለን፣ ተመልካቹም ይስቃል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ? መደብ የሚለው ቃል ግን ያኔም ደስ አይለኝም ነበር። ገጠር ዘመድ ጥየቃ ስንሄድ የምናድርበት፣ ከግድግዳው ጋር ተያይዞ በጭቃ የሚሠራው መቀመጫም መደብ ነው የሚባለው። ቤቱ ካልፈረሰ በቀር ከቦታው አይነቃነቅም።

እናቴ ማንበብ አትችልም፤ ለጎረቤት ሰጥታ እንዳታስነብበው ደብዳቤውን ፍራሼ ሥር ደበቅሁት። «ምን ብለው ቀጠሩሽ?» ስትለኝ «ስፖርት ክፍል» አልኳት። ለሰፈሩ ሁሉ ስፖርት ክፍል እያለች አወራች።

ሰባት ዓመት ተጫወትኩ። ደስታዬን ልደብቅ አልችልም፤ ደስ ይለኝ ነበር። ዘጠኝ ቁጥር ነበርኩ። ዘልዬ ኳሷን ከሰው ሁሉ እጅ በላይ ስይዛት፣ ያ የካዛንቺስ ቁመቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አምፖል ከመቀየር ለሌላ ነገር ሲያገለግል ይሰማኛል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲዞር የቄራው ሽታ እስከ ሜዳችን ይመጣል፤ የደምና የፈርስ ሽታ ነው። አፋችንን በማሊያችን ሸፍነን እንሮጣለን። ዋንጫ ባመጣን ቀን ዋንጫውን የሚያነሳው የአስተዳደር ኃላፊው ነው። ወፍራም፣ ሁልጊዜ ከንፈሩ መሀል የጥርስ መፋቂያ ስንጥር የማይጠፋ ሰውዬ ነው። ፎቶ ላይ እኛ ከኋላው ቆመን፣ እሱ ዋንጫውን እንደ አራስ ልጅ አቅፎ ይታያል።

እውነተኞቹ የጽዳት ሴቶች ግን አያጨበጭቡልንም ነበር። ለረጅም ጊዜ ምቀኝነት ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ከልምምድ ላቤን እየጠረግኩ በደረጃው ስወጣ፣ ደረጃውን የምታጸዳዋ የወሎ ሴትዮ ቀና ብላ አየችኝ። ሻሿን ወደ ኋላ ያሰረች፣ ወገቧን ይዛ የምትነሳ፣ ከሁሉም በዕድሜ የገፋች ሴት ናት። ጫማዬ የተወለወለው ላይ አሻራ ጥሏል።

«ይቅርታ እማማ» አልኳት።

«ምን ይቅርታ አለው የኔ ዓለም» አለችኝ፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ። «አንቺና እኔ እኮ ይህን ሕንፃ በጋራ ነው የምንጠርገው። ፎቁን ግማሽ እኔ፣ ግማሽ አንቺ። በወረቀት ማለቴ ነው። ያንቺን ግማሽ ማን እየጠረገልሽ ይመስልሻል?»

ያኔ ገባኝ። ለጽዳት የተያዙትን ቦታዎች እኩሌታውን የያዝነው እኛ ነን። እኛ በዘለልን ቁጥር እነሱ የሁለት ሰው ሥራ ለመሥራት ያጎነብሳሉ። አፈርኩ። በማግስቱ ግን ጨዋታ ነበረን፤ አሸነፍን፤ ከየመስኮቱ ተጨበጨበልኝና ሴትዮዋን ረሳኋት።

ጉልበቴ የሄደው በልምምድ ላይ ነው። የክረምት መግቢያ ነበር፤ ሜዳው ካፊያ ነክቶታል። ስዘል ደህና ነበርኩ፤ ሳርፍ ግን ግራ ጉልበቴ ውስጥ ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ሰማሁ። የቡድኑ ወጌሻ አሸኝ። በማግስቱም አሸኝ። ወር ሙሉ ሲያሸኝ ከረመ፤ እብጠቱ ወርዶ ጉልበቴ ግን ደረጃ ስወርድ ይከዳኝ ጀመር። ሐኪም ቤት ይላኩኝ ብዬ ማመልከቻ ጻፍኩ፤ መልስ አልመጣም። በሦስተኛው ወር የአስተዳደር ኃላፊው አስጠራኝ።

ከምሳ መመለሱ ነው። ቄራ ጥሬ ሥጋ በልቶ መምጣቱን ከንፈሩ ዳር የቀረው አዋዜ ይመሰክራል፤ ክፍሉ ሥጋ ሥጋ ይሸታል። ፋይሌን ከፍቶ ደብዳቤዬን ወደ እኔ አዞረው። ከዚያ ስንጥሩን ከጥርሱ መሀል አወጣና፣ እርጥቡን ጫፍ «የጽዳት ሠራተኛ» ከሚለው ሥር አስቀመጠው።

«ይኸውልሽ» አለኝ። «መደብሽ ይታወቃል። ማንም አልጨመረብሽ፣ ማንም አልቀነሰብሽ። ከሰኞ ጀምሮ ወደ መደብሽ ተመለሺ።»

ወረቀቱ ላይ የቀረችውን የምራቅ ነጠብጣብ አይ ነበር። ቀለሙን አስፍታዋለች። ምን እንደመለስኩለት አላስታውስም፤ ያቺን ነጠብጣብ ግን ዛሬም ምግብ ፊት ትዝ ካለችኝ ጉርሻዬን እተፋለሁ።

ሰኞ ካቦው ሦስተኛ ፎቅን ሰጠኝ። መወልወያውን ያቀበለችኝ ያቺው የወሎ ሴትዮ ናት። «እንግዲህ ግማሽሽን ተረከቢ» ብትለኝ ደስ ባለኝ፤ ይገባኝ ነበር። እሷ ግን ጨርቁን እንዴት እንደምጨምቅ፣ ጉልበቴን ሳላጥፍ እንዴት እንደምወለውል አሳየችኝ።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ የወንዶች ሽንት ቤት ነበረ። ውሃ አንድ ቀን ይመጣል፣ አንድ ቀን ይጠፋል። በሚጠፋበት ቀን ሰዎቹ መሄዳቸውን አይተዉም፤ እዚያው ላይ ይደራርቡታል። እነዚያ ከረባት ያሰሩ፣ መኪና ቁልፍ ጣታቸው ላይ የሚያሽከረክሩ ሰዎች ከበሩ ጀርባ ምን እንደሆኑ እኔ አውቃለሁ። አንድ ቀን ባልዲዬን ይዤ ስገባ አንዱ ሱሪውን እያስተካከለ ሲወጣ አየኝ። ፊቱ በራ። «አንቺ! ዘጠኝ ቁጥር! ምነው ጠፋሽ በናትሽ፣ እንዴት እኮ አጨብጭበንልሻል!» አለና ያልታጠበ እጁን ዘረጋልኝ። ጨበጥኩት። ለምን እንደጨበጥኩት እስከ ዛሬ አይገባኝም። እጄን በበረኪና ሦስቴ ታጠብኩ፤ ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

ሁለት ዓመት እንዲህ ሆንኩ። ጠዋት ጠዋት ቱታዬን ለብሼ ከቤት እወጣለሁ፤ መሥሪያ ቤት ደርሼ ሽርጥ አጠልቃለሁ። እናቴን ያታለልኳት መስሎኝ ነበር፣ እሷ በረኪና የማታውቅ ይመስል! አንድ ምሽት ራት በልተን ስንጨርስ እጄን ሳብ አድርጋ አሸተተችው። ጮኻ ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅሁ። ከአልጋዋ ራስጌ ቫዝሊኗን አምጥታ ጣቶቼን አንድ በአንድ ቀባችልኝ። ስለ ስፖርት ክፍል ከዚያ በኋላ ለማንም አላወራችም።

አሮጌው አሠልጣኝ ጡረታ ሲወጣ ኃላፊው እንደገና አስጠራኝ። አሁን ቡድኑን የሚይዝለት ሰው ፈልጓል፤ ከውጭ ሌላ ሰው ከማምጣት እኔን ማዘዝ ይቀለዋል። አጭር ሥልጠና ላኩኝ፤ ፊሽካ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ተመለስኩ። «መደቤስ?» አልኩት። «እሱ ለወረቀት ነው» አለኝ። ልቤ የሚያውቀውን ነገር ጆሮዬ እንዳልሰማ ሆነ። ከዚያ ሽንት ቤት ለመውጣት የማልፈርመው ወረቀት አልነበረም።

ጎበዝ አሠልጣኝ ነበርኩ፤ ይህን ማንም አይነሳኝም። ደምበል ገና በእንጨት ርብራብ ተከቦ ሲገነባ የያዝኩትን ቡድን፣ ሕንፃው አልቆ ሰው ሲንጋጋበት ከከተማው ጥሩዎች አንዱ አድርጌዋለሁ። ሴት ልጅ ስትከላከል እግሯን ሲሚንቶ ላይ ስትጎትት ካየሁ ያመኛል። ሰውነት ሲደክም መጀመሪያ የሚሰንፈው እግር ነው። «እግርሽን አንሺ!» እያልኩ ከሜዳው ጫፍ እስከ ጫፍ እጮሃለሁ። ልጆቹ ድምፄን ያስመስሉ ነበር። ታክሲ ውስጥ ሲገቡ «እግርሽን አንሺ!»፣ ኦሎምፒያ ካፌ ተቀምጠው ማኪያቶ ሲጠጡ «እግርሽን አንሺ!» እየተባባሉ ይስቃሉ።

ከሁሉ በላይ የምታስመስለኝ ያቺ ልጅ ነበረች። ያገኘኋት ቄራ አካባቢ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። ቁመት የላትም። ኳስ ስታነጥር ግን ወደ ኳሷ አትመለከትም፤ ሰው የት እንደሚደርስ ቀድማ አይታ፣ ኳሷን እዚያ ታስቀምጥለታለች። በዕድሜዬ እንዲህ ያለች አንድም አላየሁም። አሥራ ስምንት ሞልቷታል፤ አሥራ አንደኛ ክፍል ናት፤ በትምህርቷም ከፊተኞቹ ናት። ለኃላፊው ነገርኩት። «አንድ የጽዳት ቦታ ክፍት አለ፣ አምጫት» አለኝ።

ወደ ቤታቸው ሄድኩ። እናትየዋ በራቸው ላይ ድንችና ሽንኩርት የምትሸጥ፣ ከእኔ ጥቂት የምትበልጥ ሴት ናት። አክብራ ወንበር አወጣችልኝ። ልጅቷ በር ላይ ቆማ ጥፍሯን ትበላለች። እናትየዋ ስለ ኳሱ አንድም ነገር አልጠየቀችኝም።

«መደቧ ምን ተብሎ ነው የሚጻፈው?» አለችኝ።

ደነገጥኩ። እንዲህ የጠየቀኝ ወላጅ አልነበረም።

«ባሌ ዕድሜ ልኩን አናጢ ሆኖ ነው የሠራው» አለች። «ወረቀቱ ላይ ግን የቀን ሠራተኛ ነበር የሚለው። ሲሞት አናጢ ነበር ብንል ማን ይስማን። ስለዚህ ነው የምጠይቅዎት። ትምህርቷን ጥላ የምትገባ ከሆነ ምን ሆና ነው የምትገባው?»

በዚህች ሰዓት ተነስቼ መሄድ ነበረብኝ። የገዛ ደብዳቤዬ፣ ያቺ የምራቅ ነጠብጣብ፣ የእናቴ ቫዝሊን፣ ሁሉም ፊቴ ላይ ነበሩ። ግን ልጅቷ በቀለበቱ ሥር ስታልፍ፣ እኔ ከዳር ቆሜ ዋንጫ ስንበላ ታየኝ። ዋንጫው አስጎመጀኝ።

«ስፖርተኛ ተብሎ ነው የሚጻፈው» አልኳት። «ትምህርቷንም ማታ ትቀጥላለች።» ማታ ማታ ልምምድ እንዳለን እያወቅሁ።

«እስቲ በማርያም ይበሉኝ።»

«በማርያም» አልኩ።

ልጅቷ ውል ስትፈርም አብሬያት ነበርኩ። ጠረጴዛው ላይ ወረቀቱን የያዝኩላት እኔ ነኝ፤ አውራ ጣቴን የሥራ መደቡ መጠሪያ ላይ አሳርፌ። «እዚህ ጋ ነው የምትፈርሚው የኔ ቆንጆ» አልኳት። ቀና ብላ እንኳ አላየችም፤ እየሳቀች ፈረመች። ቅጂዋንም «እኔ ጋ ይቀመጥልሽ» ብዬ ያዝኩት። ኃላፊው ቢያንስ ስንጥሩን ከመስመሩ ሥር አኑሮ እንዳነብ አድርጎኛል። እኔ ግን ሸፈንኩባት።

አራት ዓመት ተጫወተችልኝ። «ኮችዬ» ነበር የምትለኝ። «ኮችዬ በናትሽ ዛሬ ቀለል አድርጊልን፣ ሞተናል እኮ!» ትለኛለች፤ በቃ ባልኳቸው ሰዓት ደግሞ ብቻዋን ቀርታ ስትወረውር አገኛታለሁ። መደቧን በሦስተኛው ወር አወቀች። ተደብቆ የሚቀር ነገር አይደለም። እየሳቀች መጣች፤ «ኮችዬ ጉድ ሰማሽ? ጽዳት ነኝ አሉ እኮ!» አለችኝ። እኔም ሳቅሁ። «እሱ ለወረቀት ነው» አልኳት። ተሞኘች እንዳይሏት ለእናቷ እንዳልነገረቻት በኋላ ሰማሁ። ትምህርቱ ቀረ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይላል ያገሬ ሰው፤ የሷን ግን ከብብቷ የጎተትኩባት እኔ ነኝ።

ሁለቴ ዋንጫ በላን። ሁለቴም ኃላፊው አቀፈው።

ከዚያ ቡድኑ ፈረሰ። ያኔ ካዛንቺስም ቤቱ በየተራ እየፈረሰ ነበር፤ የእኛም ፈርሶ፣ እናቴ ያን ሳታይ በማረፏ ተመስገን እያልኩ ነበር። መሥሪያ ቤቱ የሴት ቅርጫት ኳስ አላስፈልገውም አለ። ልጆቹ ተሰብስበው «ወደ መደባችሁ» ተባሉ። አብዛኞቹ ጥለው ወጡ። ያቺን ልጅ ግን ሌላ ክለብ ፈልጓታል፤ ጥሩ ክለብ ነው፣ ተጫዋችን በተጫዋችነት የሚቀጥር። የሚፈልገው አንድ ደብዳቤ ብቻ ነው፤ እዚህ ተጫዋች እንደነበረች የሚገልጽና መለቀቋን የሚያረጋግጥ። ኃላፊው አልሰጥም አለ። ተጫዋች ነበረች ብሎ ከጻፈ፣ ተጫዋቾችን በጽዳት ቦታ ሲቀጥር መኖሩን በፊርማው አመነ ማለት ነው። እሷም ለቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ አመለከተች፤ ምስክር አድርጋ የጠራችው እኔን ነው።

«ኮችዬ፣ ማለቴ፣ አንቺ ከተናገርሽልኝ እኮ አለቀ» አለችኝ፣ በዚያ በተሰነጠቀ ሜዳ ዳር ተቀምጠን። «አራት ዓመት ያጫወትሽኝ አንቺ ነሽ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ?»

«አይዞሽ» አልኳት።

ከኮሚቴው አንድ ቀን ቀደም ብሎ ኃላፊው ቢሮው ጠራኝ። አንድ ደብዳቤ አሳየኝ። ለእኔ ነው። የሥራ መደቡ መጠሪያ፦ የስፖርትና መዝናኛ አስተባባሪ። ወንበርና ጠረጴዛ ያለው ክፍል። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጽዳት ያልሆነ መደብ አየሁ። ፊርማ ግን የለበትም። «የነገው ነገር ይለፍና እፈርምበታለሁ» አለኝ፣ ስንጥሩን ከአንዱ የአፉ ጥግ ወደ ሌላው እያዞረ። «አንቺ እኮ የምትጠየቂው ወረቀቱ ላይ ያለውን ብቻ ነው። ዋሺ አላልኩሽም።»

ሌላ ሰው ቢሆን ፊቱ ላይ ይተፋበት ነበር። እኔ አመስግኜው ወጣሁ። ጉልበቴ እያመመኝ፣ መወልወያ እንደገና መያዝን እየፈራሁ፣ እስከ ኦሎምፒያ በእግሬ ሄድኩ።

ኮሚቴው ሦስት ሰዎች ናቸው። ልጅቷ በአንድ በኩል፣ ኃላፊው በሌላ በኩል ተቀምጠዋል። እሷ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሳ፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ ይዛ፣ እንደ ተማሪ እጇን ጠረጴዛው ላይ አጣምራ ነበር። ስገባ ፈገግ አለችልኝ። ሰብሳቢው ወረቀቱን እያገላበጠ ጠየቀኝ።

«አመልካቿ ወደ መሥሪያ ቤቱ የገባችው በምን ነው? በተጫዋችነት ነው ወይስ በጽዳት ሠራተኛነት?»

«መደቧ ጽዳት ነው» አልኩ።

ውሸት አልነበረም። እናቷ ፊት በማርያም ብዬ የዋሸሁ ሴትዮ፣ ኮሚቴ ፊት እውነት ተናገርኩ። አፌ ውስጥ የነበረው ጣዕም የሦስተኛ ፎቅ ጣዕም ነው፤ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ልጅቷ አላለቀሰችም። ጮኻ አልሰደበችኝም። አንገቷን ወደ እኔ አዙራ ጥቂት አየችኝና «እሺ ኮች» አለችኝ። «ዬ»ዋን ጣለቻት።

የሌላው ክለብ ጉዳይ ቀረ። ቤት የሚጠብቃት ሽንኩርት መሸጥ ስለነበር፣ እናቷም በዚያ ወር ስለታመመች፣ ሥራውን ትታ አልወጣችም። ወደ መደቧ ተመለሰች። እኔም ክፍሌን አገኘሁ። ወንበሩ የሚሽከረከር ዓይነት ነው፤ መስኮቱ ወደ ሜዳው ያያል። ቀለበቶቹ ተነቅለው የመኪና ማቆሚያ ሆኗል።

የእኔን ፎቅ የምታጸዳው እሷ ሆነች። መጀመሪያ መጀመሪያ እኔ ሳልገባ ቀድማ ጨርሳ ትሄድ ነበር። አንድ ጠዋት ግን፣ ወደ መሿለኪያ በኩል ለባቡሩ መንገድ ተቆፍሮ ታክሲ የሚጨናነቅበት ጊዜ ስለነበር ማልጄ ወጥቼ፣ ከእሷ ቀድሜ ደረስኩ። ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ሳለ ባልዲዋን ይዛ ገባች። ያን ሰማያዊ ሽርጥ አሥራለች። እጇን ሳየው የጣቶቿ ጫፍ መላላጥ ጀምሯል። ያ ኳስ ሳያይ የሚያነጥር እጅ ነው። በመሳቢያዬ ውስጥ ቫዝሊን ነበረኝ። ላወጣው ፈለግሁ፤ ግን በምን ዓይኔ?

«ተይው የኔ እናት፣ ይሄኛውን ክፍል እኔው እወለውለዋለሁ» አልኳት።

እሷ ግን ከበሩ ጀምራ፣ እየጨመቀች፣ መስመር ሳትስት ወለወለች። እግሯን አትጎትትም፤ እያነሳች ነው የምታስቀምጠው፣ እንዳስተማርኳት። ጠረጴዛዬ ጋ ስትደርስ መወልወያውን አቆመችና፣ አራት ዓመት ሙሉ አንቺ እያለችኝ የኖረችው ልጅ፣ እንደ ማንኛውም ባለ ወንበር አየችኝ።

«እግርዎን ያንሱልኝ» አለች።

አነሳሁ። ግራ ጉልበቴ ክፉኛ ያመኝ ነበር፤ እስክትጨርስ ድረስ ግን አላወረድኩትም።